የጥይት ዋጋ እና የፍርድ ዋጋ፦ «ገዳይን መቀለብ ይብቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በግፍ ሰው የገደለን ወንጀለኛ ዕድሜ ልኩን በማረሚያ ቤት ማኖር የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሞት ቅጣት ርካሽ ነው፤ ስለዚህ የይግባኙ መንገድ ይጠር፣ የተፈረደበትም ቶሎ ይገደል። ጸሐፊው ለዚህ አምስት ነጥብ አቅርበዋል። የአንድ ጥይትን ዋጋ ከሃምሳ ዓመት ቀለብ ጋር አነጻጽረዋል። ሞት ከዕድሜ ልክ እስራት ይበልጥ ውድ ነው የሚሉ የአሜሪካ ጥናቶች የተጋነኑ ናቸው ብለዋል። ለወጪው ተጠያቂው የይግባኝ ብዛት ነው ብለዋል። ሞትን የፈራ ተከሳሽ ጥፋቱን ስለሚያምን የክርክር ወጪ ይቀራል ብለዋል። በመጨረሻም የሟች ቤተሰብ በሚከፍለው ግብር ገዳዩ ይቀለባል ሲሉ ጽፈዋል።

የሞት ቅጣት በሃይማኖትም በሥነ ምግባርም ያከራክራል፤ ያንን ክርክር እዚህ አንከፍተውም። ጸሐፊው የመጡት በሂሳብ ነውና እኛም የምንመልሰው በሂሳብና በሕግ ነው። የአምስቱም ነጥቦች ስህተት አንድ ቦታ ይገናኛል፦ ጸሐፊው የቆጠሩት የመግደያውን ዋጋ ነው፤ የፍርዱን ዋጋ አልቆጠሩም። ርካሽ የሞት ቅጣት ማግኘት የሚቻለው ማጣራቱን በመዝለል ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንጀምር። «ሃምሳ ዓመት ይቀለባል» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይናገርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ሃያ ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ የመፈታት ጥያቄው ሊታይለት ይችላል። ይህ ማለት ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ በሩ ይከፈትለታል ማለት አይደለም። በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ማሳየት አለበት፤ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት፤ ቢለቀቅ በሰላም ይኖራል ተብሎ መታመን አለበት። ለበጀት ስሌት ግን መነሻው ሃያ ዓመት ነው እንጂ ሃምሳ አይደለም።

ቀለቡስ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሰብአዊ መብት ሪፖርት የኢትዮጵያ መንግሥት ለአንድ እስረኛ ምግብ፣ ውሃና ሕክምና በቀን 9 ብር ገደማ ይመድብ እንደነበር፣ መጠኑም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ጽፏል። በዚያ ሂሳብ ሃያ ዓመት 65,700 ብር ነው። ዛሬ በ9 ብር የሚገዛ ነገር የለምና ለጸሐፊው አድልተን በቀን 100 ብር እንበል። ዓመቱ 36,500 ብር ይሆናል። በእሳቸው ሃምሳ ዓመት 1,825,000 ብር፣ በሕጉ ሃያ ዓመት ደግሞ 730,000 ብር ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው «ኪሳራ» እዚሁ ላይ ወደቀ።

ቀጥሎ ሞት የተፈረደበት ሰው ራሱም እንደሚበላ መቁጠር ያስፈልጋል። ከፍርዱ ማግስት ተገድሎ አያድርም። ይግባኝ አለ፣ የሕግ ስህተት የሚታይበት ሰበር አለ፣ የይቅርታ ጥያቄ አለ፣ የርዕሰ ብሔሩ ማጽደቅ አለ። ይህ ሁሉ አሥር ዓመት ቢፈጅ በሁለቱ ቅጣቶች መካከል የሚቀረው የቀለብ ልዩነት 365,000 ብር ነው። ይህም የተፈረደበት ሁሉ በእርግጥ ከተገደለ ነው። ሞት ከተፈረደባቸው አሥር ሰዎች በአንዱ ላይ ብቻ ቅጣቱ ቢፈጸም ቁጠባው ለአሥሩ ሲካፈል በአንድ ፍርድ 36,500 ብር ይወጣል፤ ይህ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ቀለብ ነው።

በአገራችን ደግሞ ከአሥር አንድ እንኳ ማለት የሚያስደፍር ነገር የለም። ከሕገ መንግሥቱ ወዲህ ፍርድ ቤቶች የሞት ፍርድ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ተፈጸመ ተብሎ በይፋ የታወቀው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንደኛው በሜጀር ጄኔራል ሐየሎም አርአያ ግድያ የተፈረደበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ የተፈጸመው በ1990 ዓ.ም. ነው። ሌላው በደኅንነት ኃላፊው በአቶ ክንፈ ገብረመድኅን ግድያ የተፈረደበት መኮንን ነው፤ እሱም በ1999 ዓ.ም. ተገደለ። ከዚያ ወዲህ የሞት ቅጣት ተፈጸመ ተብሎ አልተነገረም። ሌሎቹ ፍርደኞች በማረሚያ ቤት ይጠብቃሉ፣ ወይም ቅጣታቸው ተለውጦላቸዋል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላየው ነገር አለ። አንቀጽ 202 የሚናገረው ስለ እስራት ቅጣት ነው። ሞት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ በይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ እስካልተለወጠለት ድረስ የአመክሮ ሃያ ዓመት የሚባል ነገር የለውም። ካልተገደለና ካልተለወጠለት ሃያ አምስትም ሠላሳም ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ የማይፈጸም የሞት ፍርድ ከዕድሜ ልክ እስራት ይበልጥ ያስወጣል እንጂ አያንስም። ጥበቃውም ከሌላው ታራሚ የጠበቀ መሆኑ አይቀርም፤ ሞቱን የሚጠብቅን ሰው ደግሞ በግንባታና በእርሻ ሥራ ላይ ማሰማራት አስቸጋሪ ነው። የዕድሜ ልክ ፍርደኛው ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት ይሠራል፤ ጥቂትም ቢሆን ገቢ ያስገባል።

የደርግ ባለሥልጣናት መዝገብ ይህን ከማንኛውም ስሌት በላይ ያሳያል። ዋናዎቹ ተከሳሾች ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረዋል። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተጀመረ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 1999 ነው። በጥር 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2000 ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የሃይማኖት አባቶች ይቅርታ ጠየቁና በግንቦት 2003 የ23ቱ ቅጣት ተመልሶ ዕድሜ ልክ ሆነ። በ2004 መጀመሪያ አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ሞልቷቸው በአመክሮ ወጡ። ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ ለማድረግና መልሶ ወደ ዕድሜ ልክ ለማውረድ የዋሉት ችሎቶች፣ የተጻፉት ሰነዶች፣ የተሰበሰቡት ቦርዶች ሁሉ ገንዘብ ናቸው። ውጤቱ በጥር 1999 ከተፈረደው አንድ ስንዝር አልራቀም።

በዚሁ መዝገብ ሌላም ወጪ ነበር። ከባለሥልጣናቱ ጥቂቶቹ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወደሚገኘው የጣሊያን ኤምባሲ ገብተው ነበር። ጣሊያን የሞት ቅጣት ወደሚጠብቅበት አሳልፋ አልሰጥም በማለቷ የሁለቱ ጉዳይ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ሳይቋጭ ኖረ፤ የተቋጨውም የሞት ቅጣታቸው ከተለወጠ በኋላ ነው። የሞት ቅጣትን ያስቀሩ አገሮች ገድሎ የሸሸን ተጠርጣሪ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሱት «ሞት እንደማይፈረድበት ዋስትና ስጡን» የሚለውን ነው። ጸሐፊው ይህን ወጪ በየትኛው ዓምድ ሊያስገቡት እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን።

ስለ ማረሚያ ቤት በጀት አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። የማረሚያ ቤት ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቋሚ ነው፦ የጥበቃ ደመወዝ፣ አጥር፣ ግንብ፣ መብራት፣ የአስተዳደር ሠራተኛ። ሌላው ከእስረኛው ቁጥር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነው፦ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሳሙና። ጽሑፉ ጠቅላላውን በጀት ለእስረኛው ቁጥር አካፍሎ «አንድ ሰው ሲገደል ይህን ያህል ይተርፋል» ይላል። አይተርፍም። ሁለት ሺህ ሰው ካለበት ግቢ ሦስት የሞት ፍርደኛ ቢቀነስ አንድም ጠባቂ አይቀነስም፣ አንድም ክፍል አይዘጋም። የሚቀረው የሦስት ሰው ምግብ ነው፤ በዓመት 1,095 የቀለብ ቀን።

አሁን ሌላ ስሌት እናስቀምጥ። በዚያው ግቢ ካሉት ሁለት ሺህ ሰዎች ስድስት መቶው ገና ያልተፈረደባቸው፣ በቀጠሮ የሚመላለሱ ናቸው እንበል። ምስክር ስላልቀረበ፣ ዳኛ ስላልተሟላ፣ የፖሊስ መዝገብ ስላልደረሰ የሚሰጠው ተለዋጭ ቀጠሮ ለእያንዳንዳቸው በሠላሳ ቀን ቢያጥር 18,000 የቀለብ ቀን ይተርፋል። ይህ ሦስቱን ሰዎች በመግደል በአሥራ ስድስት ዓመት ከሚገኘው ይበልጣል። የሚጠይቀውም መጥሪያ በጊዜ ማድረስ፣ የምስክር አበል ሳይጓተት መክፈል፣ ከመቅደላ ወይም ከወረኢሉ ገጠር የሚመጣ ምስክር ደሴ ደርሶ ቃሉን ሳይሰጥ እንዳይመለስ ችሎቱን በሰዓቱ መሰየም ነው። ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚቆረቆር ሰው ዓይኑን ማሳረፍ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ አሜሪካ ጥናቶች፣ እንለፍ። ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «በካሊፎርኒያ አንድ ሰው ለመግደል 308 ሚሊዮን ዶላር ወጣ» የሚለው ቁጥር የአንድ መዝገብ ዋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ግዛቲቱ ከ1978 ጀምሮ ለሞት ቅጣት ሥርዓቷ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማውጣቷን ገምቶ፣ በዚያ ዘመን የተገደሉት 13 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ለነሱ ሲካፈል የተገኘ ነው። ገንዘቡ የወጣው ግን ሳይገደሉ በሚጠብቁትና ፍርዳቸው በተሻረላቸው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይም ነው። ቁጥሩ የሚለካው የሥርዓቱን ብክነት ነው እንጂ የአንድን ግድያ ዋጋ አይደለም።

ከዚያ ተነስተው «ስለዚህ ጥናቶቹ ሁሉ ውሸት ናቸው» ማለታቸው ግን አይያዝም። መዝገብን ከመዝገብ ያነጻጸሩ ጥናቶች አሉ። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራው ጥናት ሞት ሊጠየቅበት ይችል የነበረና ያልተጠየቀበት መዝገብ 1.1 ሚሊዮን ዶላር፣ በሞት ፍርድ ያለቀው ደግሞ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ አሳይቷል። የካንሳስ መንግሥት ኦዲተሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለጸሐፊው ክርክር በቀጥታ መልስ ይሰጣል። በሞት ፍርድ መዝገብ የሥረ ነገር ክርክሩ (ከይግባኝ በፊት ያለው የመጀመሪያው ችሎት) ወጪ ከሌላው በ16 እጥፍ፣ የይግባኙ ወጪ በ21 እጥፍ በለጠ። ቅጣቱን የማስፈጸሙ ወጪ፣ ማለትም እስራቱና ግድያው፣ ግን ከሌላው ግማሽ ያህል ሆነ። አዎ፣ መግደል የእስር ቤት ወጪን ይቀንሳል፤ ኦዲተሮቹ ይህን አልደበቁም። ሁሉም ሲደመር ግን የሞቱ መዝገብ 1.26 ሚሊዮን፣ የሌላው 740 ሺህ ዶላር ወጣ። ከእስር ቤት የተቆጠበውን ክርክሩ በልቶታል።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 የነበረውን አሠራር ካፈረሰና በ1976 አዲሶቹን ሕጎች ካጸደቀ በኋላ የሞት ክርክር ለሁለት ተከፍሏል፦ አንዱ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው፣ ሌላው ይሙት አይሙት የሚለው። ለሁለተኛው ክርክር የተከሳሹ አስተዳደግ፣ ሕመም፣ የትምህርት ታሪክ ሁሉ በባለሙያ ይጠናል። ሁለት ጠበቃ ይመደባል። ከተራው ዜጋ የሚመረጡት የሕዝብ ዳኞች ስለ ሞት ቅጣት ያላቸው አቋም አንድ በአንድ እየተጠየቀ ይመረጣሉ። ይህ ሁሉ ወጪ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ «ሞት እጠይቃለሁ» ባለ ቀን ይጀምራል፤ ፍርዱ በመጨረሻ ዕድሜ ልክ ቢሆንም ገንዘቡ አይመለስም።

እኛ ጋ ይህ የለም። ስለዚህ የአሜሪካን ዶላር በብር መንዝሮ ወደ ደሴ ማምጣት ስህተት ነው፤ የሞት ቅጣትን የሚቃወሙ ወገኖችም ይህን ሲያደርጉ አይተናል፣ አይጠቅማቸውም። በኢትዮጵያ ከባድ የሰው ግድያ የሚከሰሰው በአንቀጽ 539 ነው፤ ዕድሜ ልክም ሞትም ያለው እዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው። ክሱ አንድ፣ ምስክሩ አንድ፣ ችሎቱ አንድ ነው። የምርመራውና የክርክሩ ወጪ በሁለቱ መካከል ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከፍርድ በኋላ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ነጥብ የሚወስደንም ይኸው ነው።

ጸሐፊው «ይግባኙ ይጠር» ይላሉ። ይግባኝ በእኛ አገር ምን ያህል ያስወጣል? የደቡብ ወሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደ እንበል። ፍርደኛው ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ይግባኙ በአመዛኙ የሚታየው በመዝገቡ ላይ ነው፤ ምስክር እንደ አዲስ አይጠራም፣ ፖሊስ እንደገና አይመረምርም። ያለው ወጪ የመዝገብ ግልባጭ፣ የጥቂት ዳኞች ንባብና ጥቂት ችሎት ነው። ቀጥሎ የሕግ ስህተት ካለ ሰበር ነው፤ እሱም ወረቀት ነው። ከዚያ ይቅርታ፣ ከዚያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 117 መሠረት የርዕሰ ብሔሩ ማጽደቅ። በጀት የሚበላው ይግባኙ አይደለም። የሚያጓትተው የግልባጭ መዘግየትና በመጨረሻው እርከን ላይ የጊዜ ገደብ አለመኖሩ ነው፤ ይግባኙ ቢሰረዝ ይህ አይፈታም።

በይግባኝ የሚጣራው ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው። በአንቀጽ 539 እና በአንቀጽ 540 መካከል ያለውን ርቀት ማየት ይበቃል። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ያስቀጣል። 539 የሚሆነው ገዳዩ አስቀድሞ ማሰቡ፣ የተነሳበት ምክንያት፣ የተጠቀመበት መሣሪያ ወይም ዘዴ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ሲያሳይ፣ ወይም የገዳይ ቡድን አባል ሲሆን፣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ ሲገድል ነው። በወሰን ጠብ ወይም በገበያ መልስ የተነሳ ድብድብ ነበር ወይስ ሰውየው አድፍጦ ነበር? መሣሪያውን የያዘው እንደ ልማዱ ነው ወይስ ለዚያ ቀን ብሎ? ይህ የሚወሰነው በአብዛኛው በሰው ምስክር ነው። ምሽት ላይ ከሩቅ ያየ፣ ከሟች ወይም ከገዳይ ጋር የሚዛመድ፣ ከዓመት በኋላ ቃሉን የሚሰጥ ምስክር ሊሳሳት ይችላል። የአስከሬን ምርመራው ካልተሟላ ወይም ጭራሽ ካልተደረገ ደግሞ የምስክሩን ቃል የሚፈትሽ ነገር አይኖርም። በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል የሚፈጠር ስህተት አምስት ዓመት ሊታሰር የሚችልን ሰው ሊያስገድል ይችላል።

አንቀጽ 117 ራሱ ሌላ በር አለው። ሞት የሚፈረደው በተፈጸመ ከባድ ወንጀል፣ በተለይ አደገኛ በሆነ ወንጀለኛ ላይ፣ ወንጀሉን ሲያደርግ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከሆነና ምንም የቅጣት ማቅለያ ከሌለ ብቻ ነው። «ምንም» የሚለው ቃል ክብደት አለው። ማቅለያዎቹ በአንቀጽ 82 ተዘርዝረዋል፦ ከዚህ በፊት በመልካም ጠባይ መኖር፣ እጅን መስጠት፣ ጥፋትን ማመን፣ መጸጸት፣ ጉዳቱን በተቻለ መጠን መካስ። ተከላካይ ጠበቃው የቀበሌ የጠባይ ማስረጃ ሳያቀርብ ቢቀር፣ ወይም ሰውየው በገዛ እጁ ጣቢያ መሄዱን የፖሊሱ መዝገብ ሳይጠቅስ ቢያልፈው፣ ሊሰጥ የማይገባው የሞት ፍርድ ይሰጣል። ይህን የሚያርመው ይግባኙ ነው። በመንግሥት ወጪ የሚቆመው ተከላካይ ጠበቃ በእጁ ያለውን የመዝገብ ብዛት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ መዘንጋት ለምን እንደሚፈጠር ለመረዳት አይቸገርም።

በወሎ ደግሞ ሌላ የሚጨመር አለ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፤ ሰነድም አብሮ ጠፍቷል። መዝገቡ የጠፋበት የዕድሜ ልክ እስረኛ በሕይወት አለ፤ ግልባጭ ተፈልጎ፣ ምስክር ተጠይቆ ነገሩ ሊስተካከል ይችላል። በጸሐፊው ፈጣን አሠራር የተገደለ ሰው ቢሆን ግን መዝገቡ ቢገኝም ዋጋ የለውም።

ስህተት በገንዘብም ይከፈልበታል። በጃፓን ኢዋኦ ሃካማዳ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ሞት ተፈረደበት፤ በ2014 ከእስር ወጣ፤ በ2024 ነፃ ነው ተባለ፤ በ2025 ከ217 ሚሊዮን የን በላይ ካሳ ተወሰነለት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነፃ የወጡት ቢያንስ 200 ናቸው። እነዚህ ሰዎች የተረፉት ጸሐፊው ይጠር በሚሉት ርዝመት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ሦስት ነው። ሞት ፈርዶ አለመፈጸም፣ እሱ ዛሬ ያለው ነው፤ ከዕድሜ ልክ ይበልጥ ያስወጣል። በትክክል አጣርቶ መፈጸም፣ እሱ በቂ ተከላካይ ጠበቃ፣ የፎረንሲክ ምርመራና ተጨማሪ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ያኔ የካንሳስ ሂሳብ እኛም ጋ ይመጣል። ሳያጣሩ ቶሎ መፈጸም፣ እሱ ብቻ ይረክሳል። ጸሐፊው የመረጡት ሦስተኛውን ነው፤ ይህን በግልጽ ቢጽፉት አንባቢ ምን እንደተጠየቀ ያውቅ ነበር።

አራተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። ሞትን ፈርቶ ያመነ ተከሳሽ የክርክር ወጪ ያስቀራል የተባለው በእኛ ሥርዓት ብዙም አይሠራም። ጥፋቱን ማመኑ ራሱ ማቅለያ ሆኖ ሊያዝለት ስለሚችል ሞቱ በዚያው ይቀራል። ቢያምንም ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ላዳምጥ ሊል ይችላል፤ በግድያ ክስ እንዲህ ማድረጉ ተገቢ ነው፤ ወጪው አልቀረም ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ያልገደለ ሰው ሞትን ፈርቶ ገደልኩ ማለቱ ነው፤ ያኔ እውነተኛው ገዳይ በነፃነት ይዘዋወራል።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ስሜት የሚነካው ነው፤ በጥሞና መመለስ ያለበትም እሱ ነው። «የሟች ሚስትና ልጆች በሚከፍሉት ግብር ገዳያቸው ይቀለባል» ይላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። የአራሹ አባወራ ሲገደል ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፣ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። የመንግሥት ክስ በመንግሥት ስም ይካሄዳል፤ እነሱ ምስክር ሆነው መጥተው ይመለሳሉ። ገዳዩ ሲገደል ግን እጃቸው የሚገባ አንድ ሳንቲም የለም። ሊከፍል የሚችለው ሰው ይቀበራል።

ሕጉ ለእነሱ ያስቀመጠላቸው መንገድ አለ፤ ብዙዎች አያውቁትም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተጎጂው ወይም ወራሾቹ ጉዳታቸው እንዲካስ መጠየቅ ይችላሉ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ይህን ጥያቄ የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር፣ የካሳውን ዓይነትና መጠን ዘርዝሮ በጽሑፍ ለዚያው ችሎት ማቅረብ ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 ደግሞ የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች በሞቱ ምክንያት የቀረባቸውን መተዳደሪያ በቀለብ መልክ መጠየቅ ይችላሉ። የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ሟች በዓመት ምን ያህል እህል ያገባ እንደነበር፣ ስንት ከብት እንደነበረው፣ ማንን ይረዳ እንደነበር የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃና ምስክር በጊዜው ሳይያዝ ይቀራል። ማስረጃው በሐዘኑ ወራት ካልተሰበሰበ በኋላ አይገኝም። ከላይ እንዳልነው የዕድሜ ልክ ፍርደኛው በአመክሮ ለመውጣት ጉዳቱን በአቅሙ መካስ አለበት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመካስ የሚያነሳሳው ነገር ያለው በሕይወት ያለ ፍርደኛ ብቻ ነው።

ወሎ በዚህ ጉዳይ ለሌላው የምታስተምረውም አላት። ደም ሲፈስ አበጋሮች የሚባሉት ባህላዊ አስታራቂዎችና የአገር ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። የገዳይ ወገን ካሳ ያዋጣል፣ ደመኞቹ ይታረቃሉ፣ የበቀል ግድያው ይቆማል። የመንግሥት ቅጣት በዚህ አይቀርም፤ ገዳዩ ይታሰራል። ካሳው ግን ከአንቀጽ 82 ማቅለያዎች አንዱ ስለሆነ ዕርቅ የወረደበት መዝገብ በአንቀጽ 117 መሠረት ለሞት ፍርድ ላይበቃ ይችላል። ጸሐፊው ሞትን ዋናው ቅጣት እናድርገው ሲሉ የገዳይ ዘመድ ካሳ የሚያዋጣበትን አንዱን ምክንያት እየነጠቁ ነው፤ ሰውየው ካሰም አልካሰም የሚገደል ከሆነ ወንድሞቹ ስለምን በሬ ይሸጣሉ? ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ደም፣ ሌላ የፖሊስ ምርመራ፣ ሌላ ክስ፣ ሌላ እስረኛ ነው።

የሟች ቤተሰብን ጉዳይ ከልባቸው ከያዙት ደግሞ ጸሐፊው ዘመቻቸውን የሚያዞሩበት አንድ አንቀጽ እንጠቁማቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 1,000 ብር የቤተሰብን ኑሮ ሊያነሳ የሚችል ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለተዝካር ወይም ለሰደቃ የሚሆን እህል እንኳ አይገዛም። ልጇ የተገደለባት እናት ለሐዘኗ ከዚህ በላይ መጠየቅ አትችልም። ይህን ጣሪያ ማንሳት ለመንግሥት በጀት አንድ ብር አይጨምርም፤ ከፋዩ ገዳዩ ነውና። ጸሐፊው ለዚህ ብዕራቸውን ቢያነሱ እኛም ስማችንን አብረን እንፈርማለን።